«የአባቴ ሰዓት ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ኦሜጋ ሳታስከፍቱ እንዳትገዙ

ሰሞኑን በፒያሳና በቸርችል ጎዳና አካባቢ «የአባቴ ነው፣ ቸግሮኝ ነው የምሸጠው» በሚል ታሪክ ታጅቦ የሚቀርብ የድሮ ኦሜጋ አለና ገዢዎች ተጠንቀቁ። አንዱን የእህቴ ባለቤት በ48 ሺህ ብር ገዝቶ አሳየኝ። ሰዓቱ ይሠራል። ኦሜጋነቱም ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ማታለያው ያለው እዚያ ላይ ነው። ማሽኑ የኦሜጋ ሆኖ፣ ሌላው ዕቃ ግን ከየቦታው የተለቃቀመ ነው።

ሻጩ «እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹ ሲማስተር» ብሎታል፤ ሲማስተር አንዱ የኦሜጋ ሞዴል ነው። ገጹ ግን ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። ስልሳ ዓመት የኖረ ሰዓት ገጹ እንዲህ ካበራ ዋጋው ሊወርድ እንጂ ሊወጣ አይገባም። በማጉያ መነጽር ስናየው የፊደሎቹ ጠርዝ ተበላሽቷል፣ የደቂቃ መስመሮቹ ከተለጠፉት የሰዓት ምልክቶች ጋር አይገጥሙም፣ ከስድስት ቁጥር በታች ያለው «ስዊስ ሜድ» የሚለው ደቃቅ ጽሑፍም ወደ ጎን ዘሟል። እንደገና የተቀባ ገጽ ነው።

ጠቋሚዎቹ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አረንጓዴ ያበራሉ። በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ቀለሙ እንዲያበራ ይጨመርበት የነበረው ትሪቲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በየ12 ዓመቱ ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ዛሬ ጨርሶ ደክሟል። ከእርሱ በፊት የነበረው ራዲየም ጨረሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ቢቆይም አብሮት ያለው የሚያበራ ቀለም ተቃጥሎ አልቋል። ስለዚህ የሚያበራው በቅርቡ የተቀባ ነው። (ራዲየም ያለበትን ገጽ ማንም በቤቱ እንዳይፍቅ፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነው።)

ወደ አንድ አንጋፋ ሰዓት ሠሪ ወስደን ክዳኑን አስከፈትን። ገጹ ላይ «አውቶማቲክ» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ውስጡ ግን እጅ ሲንቀሳቀስ እየተሽከረከረ ሰዓቱን የሚሞላው ግማሽ ክብ ብረት የለም። በእጅ የሚሞላ ማሽን ነው! ማሽኑ ለቀፎው ስለሚያንስ ዙሪያውን የታጠፈ ቆርቆሮ ተወትፎበታል። በላዩ የተቀረጸው መለያ ቁጥር በ10 ሚሊዮን ክልል ውስጥ ያለ ነው፤ ይህ ወደ እ.ኤ.አ. 1940ዎቹ አጋማሽ ይወስደናል። ሲማስተር የሚባለው ሞዴል ግን የወጣው በእ.ኤ.አ. 1948 ነው። ሰዓት ሠሪው ሳቅ ብለው «ይህ ሰዓት ከስሙ በፊት ተወልዷል» አሉ።

የተለወጠ ዕቃ ሁሉ ማጭበርበር ነው እያልኩ አይደለም። ሞላው ይደክማል፣ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ ማሰሪያውማ ስንቴ ይቀየራል። የሰዓቱ ዋጋ በአብዛኛው ያለው ግን ገጹ፣ ጠቋሚዎቹና ቀፎው ላይ ነው። የቀፎው ማዕዘኖች በተደጋጋሚ ተወልውለው ከተድቦለቦሉ፣ መሙያው ላይ የኦሜጋ ምልክት ከሌለ፣ ያንን ቆጥራችሁ ዋጋ አስቀንሱ።

በከተማችን ከኦሜጋ የሚበዛው ሲኮ 5 ስለሆነ ስለ እርሱም ልበል። የኋላ ክዳኑ ላይ ለምሳሌ በ7009 የሚጀምር ቁጥር ታገኛላችሁ፤ እነዚህ አራት አሃዞች የማሽኑ ዓይነት ናቸው። ገጹ ግርጌ ላይ በጣም ደቃቅ ሆኖ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ በእነዚሁ አሃዞች ይጀምራል። ካልተጻፈ ወይም ሌላ ከሆነ ገጹ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሊሆን ይችላል። መለያ ቁጥሩ ደግሞ የመጀመሪያው አሃዝ የዓመቱን መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል፤ አሥር ዓመቱን ስለማይለይ ግን ሻጩ ወደ ፈለገው ዘመን ሊጎትተው ይችላል።

ዘውድ ወይም ሞዓ አንበሳ የታተመበትና «ጃንሆይ የሸለሙት» የሚባለውን በተለይ ፍሩት። ገጽን እንደገና የሚቀባ ሰው አንበሳ መጨመር አይከብደውም፤ ዋጋውን ግን በእጥፍ ያወጣዋል።

የአባታችሁን ሰዓት ለጥገና ስትሰጡም ገጹንና ማሽኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፣ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃም መልሳችሁ ተቀበሉ። ገበያ ላይ የሚገጣጠመው ዕቃ ከሰማይ አይወርድም።

የእህቴ ባለቤት ሰዓቱን ሊመልስ ሲሄድ የተሰጠው መልስ «ይሠራል አይደል?» የሚል ነው። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «አንድ የእጅ ሰዓት» ብቻ በመሆኑ የሚከራከርበት ነገር አጣ። እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት «ገጹ ያልተቀባ፣ ማሽኑ የራሱ፣ መለያ ቁጥሩ ይህ» ተብሎ እንዲጻፍና እንዲፈረምበት ጠይቁ። አልጽፍም ካለ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።