ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥራዝ፦ በተለይ የመጠን ንጽጽር ምዕራፉ

ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ካሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዳንዶቹ፣ ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎች የሚገዙት በስፓይራል የተጠረዘ የሰዋስው መልመጃ ይሸጣል። ሽፋኑ የአዘጋጅ ስም የለውም፤ ዋጋውም ከ200 ብር በታች ነው። የግስ ጊዜያትን፣ መስተዋድዶችንና ተገብሮ ዓረፍተ ነገሮችን የሚመለከቱት ክፍሎቹ በየትኛውም መሰል ጥራዝ የሚገኙ ስለሆኑ ብዙ የሚባልላቸው ነገር የለም። ጥራዙን ሊገዙት የሚያበቃው ስለ መጠን ንጽጽር የሚያስተምረው ምዕራፍ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም የሚገኘው እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ነው።

አስቀድሞ ለማን እንደሚጠቅም መናገር ያስፈልጋል። ጥያቄዎቹ የተቀረጹት ቶፍል በተባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ በወረቀት ይሰጥ በነበረው ዓይነቱ አምሳያ ነው። የዚያ ፈተና ሁለተኛ ክፍል በ25 ደቂቃ የሚሠሩ 40 ጥያቄዎች ነበሩት፤ 15ቱ ክፍት ቦታ የሚያስሞሉ ሲሆኑ፣ የቀሩት 25 ደግሞ ከተሰመረባቸው አራት ቃላት ወይም ሐረጎች መካከል ስሕተት የሆነውን የሚያስመርጡ ነበሩ። በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ2005 በኢንተርኔት የሚሰጠው ቶፍል ሲጀመር ይህ ክፍል ቀርቷል፤ ሆኖም ተቋማት ለራሳቸው ተማሪዎች በሚሰጡት አይቲፒ በተባለው ቶፍል ውስጥ ዛሬም አለ። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ቶፍል የሚወስድ ሰው ጥራዙን ለጽሑፍ ችሎታው ካልሆነ በቀር አይፈልገውም፤ አይቲፒን ለሚወስድ ወይም የሰዋስው ጥያቄ ላለበት ሌላ ፈተና ለሚዘጋጅ ግን በቀጥታ ይጠቅመዋል።

የምዕራፉ ጥንካሬ የሚጀምረው ከአቀራረቡ ነው። አብዛኞቹ መልመጃዎች «ሜኒ» ከሚቆጠር ስም ጋር፣ «ማች» ከማይቆጠር ስም ጋር ይሄዳል ብለው አንድ ሰንጠረዥ ካስቀመጡ በኋላ ወደ ጥያቄ ያልፋሉ። ይህ ጥራዝ የሚነሣው ከስሞቹ ነው። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኤቪደንስ» እና «ሆምወርክ» በእንግሊዝኛ የማይቆጠሩ መሆናቸውን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ ያሳያል። እኛ መረጃዎች፣ ምክሮች፣ ማስረጃዎች እያልን ያለ ችግር ስለምናበዛቸው፣ «ሜኒ ኢንፎርሜሽንስ» የሚለው ምርጫ ለዓይናችን ጤነኛ መስሎ ይታያል፤ ፈተና አውጪውም የሚጠቀምበት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ምዕራፉ አንድ የአሠራር ቅደም ተከተል ያስይዛል። ተማሪው መጀመሪያ ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን ይለያል፤ ቀጥሎ ከክፍት ቦታው በኋላ ያለው ማያያዣ «አዝ» ነው ወይስ «ዛን» ብሎ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ምን ከምን ጋር እንደሚነጻጸር ያረጋግጣል። አንደኛው ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «ዘ ኒው ላይብረሪ ሃዝ ትዋይስ … ሲትስ አዝ ዘ ኦልድ ዋን»። ምርጫዎቹ «አዝ ማች»፣ «አዝ ሜኒ»፣ «ሞር» እና «አዝ ሜኒ አዝ» ናቸው። መቀመጫ ስለሚቆጠር የመጀመሪያው ይወድቃል፤ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚጠብቀን «አዝ» ስለሆነ «ዛን»ን የሚሻው «ሞር» አይሆንም፤ አራተኛው ደግሞ ሁለተኛውን «አዝ» ያለ ቦታው ይደግመዋል። የሚቀረው «አዝ ሜኒ» ነው። ማብራሪያው ትክክለኛውን መልስ ከመንገር አልፎ ሦስቱ የተሳሳቱት ለምን እንደተሳሳቱ ስለሚናገር፣ ያለ አስተማሪ ለሚያጠና ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ምሳሌው ደግሞ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ባዶ ወንበር ፍለጋ የዞረ ተማሪ የሚወደው ይመስለኛል።

እጥፍን የሚመለከተው ንኡስ ክፍል በተለይ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። በእንግሊዝኛ «ሃፍ»፣ «ትዋይስ» ወይም «ስሪ ታይምስ» የሚባለው ቃል ከመጀመሪያው «አዝ» በፊት ይቀመጣል። የፈተና ምርጫዎች ግን «አዝ ትዋይስ ሜኒ አዝ»፣ «ትዋይስ አዝ ሜኒ ዛን» እና «ትዋይስ ሞር ዛን» እያሉ ቅደም ተከተሉን ያዛባሉ። ከእነዚህ የመጨረሻው በእኛ ዘንድ ብዙ ሰው ይጥላል፤ ከዚያኛው በሁለት እጥፍ ይበልጣል ማለት ስለለመድን መብለጡን በ«ሞር» መግለጽ እንወዳለን። ጥራዙ እንግሊዝኛ ጋዜጦችም «ስሪ ታይምስ ሞር ዛን» እንደሚሉ አይደብቅም፤ ነገር ግን አባባሉ ሦስት እጥፍ ማለት ይሁን ወይስ በሦስት እጥፍ ጨምሮ አራት እጥፍ መሆን፣ አሻሚ መሆኑን አስረድቶ፣ በፈተና ላይ የ«አዝ»ን አሠራር መያዝ እንደሚሻል ይመክራል። በዚህ ዋጋ ከሚሸጥ ጥራዝ እንዲህ ያለ ማብራሪያ አይጠበቅም።

ጉድለቱ የሚመጣው ሁለቱም ማነስን በሚገልጹት «ፊወር» እና «ሌስ» ላይ ሲደረስ ነው። አዘጋጁ የብዙ ቁጥር ምልክት ያለው ስም ሁሉ «ፊወር»ን ይወስዳል የሚል ድፍን ደንብ ያስቀምጥና የመልስ ቁልፉንም በዚሁ ይሠራል። በዚህም የተነሣ «ኢት ኮስትስ … ዛን ፊፍቲ ዶላርስ» በሚለው ጥያቄ «ፊወር» ትክክል ተብሎ ታርሟል፤ ይህ ስሕተት ነው። ገንዘብ፣ ጊዜ፣ ርቀትና ክብደት በቁጥር ቢገለጹም እንደ አንድ ድምር መጠን ስለሚታዩ የሚስማማቸው «ሌስ ዛን» ነው። የዚህን ጥራዝ ዋጋ በእንግሊዝኛ የሚናገር ሰው «ሌስ ዛን ቱ ሃንድረድ ብር» ይላል፤ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድም «ሌስ ዛን ፋይቭ ኪሎሜተርስ» ነው። ቁልፉን አምኖ የሚያጠና ተማሪ የሚያውቀውን ትክክለኛ መልስ ሰርዞ ስሕተቱን ሊይዝ ስለሚችል፣ ጉዳዩ እንደ ተራ የትየባ ግድፈት የሚታለፍ አይደለም።

በነገራችን ላይ ደንቡ ራሱ ይህን ያህል ጥብቅ ሆኖ አልተወለደም። ከሚቆጠር ስም ጋር «ፊወር» ይሻላል የሚለውን ሐሳብ ሮበርት ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1770 ያቀረበው የግል ምርጫው አድርጎ ነበር። የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው እስከ ዛሬ ያደባልቁታል፤ የብሪታንያው ቴስኮ ሱፐርማርኬት ጥቂት ዕቃ ለያዙ ደንበኞች በለየው ገንዘብ መክፈያ ላይ በነበረው «ሌስ» ምክንያት ወቀሳ ስለበዛበት በ2008 ሁለቱንም ቃላት ትቶ እስከ 10 ዕቃ የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ መርጧል። ፈተናው ግን ደንቡን ስለሚጠይቅ ተፈታኙ ከነልዩነቶቹ ማወቁ ግድ ነው።

«ነምበር» እና «አማውንት» በአጭሩም ቢሆን በትክክል ቀርበዋል። ቁጥር ራሱ ሲነጻጸር «ግሬተር» ወይም «ስሞለር» እንደሚባል፣ «ፊወር ነምበር ኦፍ» የሚለውም ሐረግ በስሕተት መለያ ጥያቄዎች ውስጥ እንደ ወጥመድ እንደሚገባ ተጠቁሟል። በአንጻሩ ተነጻጻሪዎቹ አንድ ዓይነት ይሁኑ የሚለው ደንብ እጅግ ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው የተሰጠው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከአዳማ ይበልጣል ብንል በአማርኛ ማንም ስሕተት አይለንም፤ የእንግሊዝኛው ፈተና ግን ከፍታ ከከፍታ እንጂ ከከተማ ጋር እንዲነጻጸር ስለማይፈቅድ «ዛን ዛት ኦፍ አዳማ» መባሉን ይጠይቃል። ለጆሯችን የማይሰማ ስሕተት ስለሆነ ከእጥፍ እኩል ሰፊ መልመጃ ይገባው ነበር።

ስለ ሕትመቱ፣ ቅጂው ከቅጂ እየተባዛ ስለመጣ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። በአንዳንዱ ቅጂ ከቃላቱ ሥር ያለው መስመር ደብዝዞ ጠፍቷል፤ ስሕተት በሚለይባቸው ጥያቄዎች ደግሞ መስመሩ ከሌለ ጥያቄው የለም። የመልስ ቁልፉ በመጨረሻዎቹ ገጾች ስለሚገኝ ሲጠረዝ የተዘለለበትም ቅጂ አለ። ሻጮቹ ገልጦ ማየትን ስለማይከለክሉ፣ ከመክፈል በፊት እነዚህን ሁለቱን ማረጋገጥ፣ ገዝቶም በገንዘብ፣ በጊዜና በርቀት ጥያቄዎች ላይ «ፊወር» የሚለውን መልስ በእስክሪብቶ ወደ «ሌስ» መለወጥ ያስፈልጋል።