ከበርሜሉ ሥር ያልጠቆረው መስመር፦ ኢፖክሲ ግራውት ክረምትን ካለፈ በኋላ

ክረምቱ ወጥቶ የውሃ በርሜሉን ከመታጠቢያ ቤቱ ጥግ ሳነሳው፣ ከሥሩ ያሉት የታይልስ መስመሮች ከቀሪው ወለል አልተለዩም። ጥቁረት የለም፣ ቢጫ ቀለበት የለም፣ በጥፍር ሲነካ የሚፈረፈር ነገር የለም። ቤቱ ልደታ አካባቢ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ መስኮት የሚከፈተው ፀሐይ ወደማያየው የሕንፃው አየር መውጫ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ግድግዳው በቅጡ አይደርቅም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜሉ ከዚያ ጥግ አይነሳም፣ ሥሩም እርጥበት አያጣም። ለዚህ መታጠቢያ ቤት ከተገዛው ሁሉ ሽንጤን ገትሬ የምሟገትለት ኢፖክሲ ግራውቱ፣ ማለትም በሲሚንቶ ፋንታ በሙጫ የተሠራው የታይልስ መስመር መሙያ፣ የሆነው ለዚህ ነው።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ስትገቡ ሻጩ የሚያወራችሁ ስለ ታይልሱ ነው። «ፖርሴሊን ነው፣ ውሃ አይመጥም» ይላል። እውነቱን ነው፤ ፖርሴሊን የሚባለው የሚመጠው ውሃ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የማይበልጥ ታይልስ ነው። ግን ወንድሜ፣ ቤቱን የሚያቆሽሸው ታይልሱ መች ሆነና? 30 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ታይልስ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 5 ሜትር መስመር አለው። ወለሏ 1.5 በ2.2 ሜትር የሆነች፣ ግድግዳዋ እስከ 2.4 ሜትር የተለበጠ መታጠቢያ ቤት በሩ ተቀንሶ ወደ 20 ካሬ ሜትር ትሆናለች። ይህ 100 ሜትር መስመር ነው። የመስመሩ ስፋት 2 ሚሊ ሜትር ቢሆን ከጠቅላላው 1 በመቶ ብቻ ይይዛል፤ ብሩሽ አስይዞ የሚያንበረክከው ግን ይኸው 1 በመቶ ነው።

በእኛ አገር የተለመደው ነጭ ሲሚንቶ በውሃ በጥብጦ መስመሩን መድፈን ነው። የተበጠበጠበት ውሃ ሲተን በሲሚንቶው ውስጥ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይተዋል። የሳሙና ቅባትና የገላ እድፍ በእነዚያ ይገባል፣ ሻጋታውም እዚያው ይበቅላል። በረኪና ላዩን ያነጣዋል እንጂ ውስጥ የገባውን ጠርጎ አያወጣም። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ ወደ አሲድ ይሄዳል፤ አሲድ ደግሞ ሲሚንቶውን ራሱን ስለሚበላ መስመሩ እየጎደጎደ ከበፊቱ የባሰ እድፍ ይይዛል። (በረኪናና አሲድን በአንድ ጊዜ የሚጠቀም ሰው መርዛማ ክሎሪን ጋዝ እየፈጠረ መሆኑን ይወቅ። አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።)

ኢፖክሲ ግራውት ሲሚንቶ የለበትም። ሙጫና ማጠንከሪያው በኬሚካል ተያይዘው ይጠነክራሉ እንጂ ተንኖ ቀዳዳ የሚተው ውሃ የላቸውም። እድፍ ላዩ ላይ ይቀራል፣ በእርጥብ ጨርቅም ይነሳል። ይህ ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤት ትልቅ ነገር ነው። ነጭ ሲሚንቶ ተፈትጎ በባልዲ ውሃ መታጠብ ይፈልጋል፤ ለዚህኛው አንድ ጆግ ውሃና ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። «ይሄ እኮ ለሆስፒታልና ለምግብ ፋብሪካ ነው» የሚለው ሻጭ ሊከለክለኝ አስቦ ምክንያቱን ራሱ ነገረኝ። ፋብሪካው በየቀኑ የሚታጠብ ወለል ስላለው ከመረጠው፣ የእኔም ሻወር በየቀኑ ይረጥባል።

ዋናው ጣጣ አሠራሩ ላይ ነው። ኢፖክሲን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ሳይሆን እንደ ነጭ ሲሚንቶ የሚይዘው እጅ ነው። መጀመሪያ የታይልሱ ማጣበቂያ ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ፤ መስመሩ ከታይልሱ ውፍረት ሁለት ሦስተኛ ያህል ወደ ታች ተጠርጎ አቧራና እርጥበት አይኑርበት። ሙጫውና ማጠንከሪያው ተመዝነው ስለሚመጡ ሙሉ በሙሉ ይቀላቀሉ። በዓይን ግምት ግማሽ ግማሹን መቀላቀል ፈጽሞ የማይጠነክር ቦታ ይፈጥራል፤ መከፋፈል የግድ ከሆነ በሚዛን ይሁን። ማደባለቂያው በዝግታ ይዙር፣ ሲፈጥን አየር ያስገባል። ከተቀላቀለ በኋላ በባልዲ ውስጥ ተከምሮ ከተቀመጠ የራሱ ሙቀት ቶሎ ያደርቀዋል፤ ስለዚህ በሰፊ ሰሌዳ ላይ ይዘርጉት። በ20 ዲግሪ ገደማ ያለው የሥራ ጊዜ 45 ደቂቃ አካባቢ ነው።

የአዲስ አበባ ብርድም አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ድብልቁ እንደ ረጋ ማር ይከብዳል፣ ሠራተኛውም እንዲላላለት ውሃ ጠብ ያደርግበታል። ያን ጊዜ ሥራው አለቀ፤ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፣ ጥንካሬውም ይወርዳል። መፍትሔው ባልዲውን ሞቅ ባለ ክፍል አሳድሮ ሥራውን ረፋድ ላይ መጀመር ነው።

ከ3 ወይም ከ4 ካሬ ሜትር በላይ በአንዴ አይሞላ። በጠንካራ ጎማ መሙያ በሰያፍ ተጭኖ ይሞላል፣ ትርፉም ወዲያው በዚያው ጎማ ይነሳል። ከዚያ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ በነጭ የናይሎን መፈተጊያና በጥቂት ውሃ በክብ በክብ ይታጠባል፤ በመጨረሻ በንጹሕ ስፖንጅ ይጠረጋል፣ ውሃውም ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። መብራት ከጎን አብርታችሁ እዩት። የሚታይ ስስ የሙጫ ፊልም (ሽፋን) ካለ ዛሬውኑ ወይም ቢበዛ በማግስቱ በአምራቹ ማጽጃ ይነሳ፤ ከጠነከረ በኋላ መፋቅ ብቻ ነው የሚቀረው። አንጸባራቂ ባልሆነና ሻካራ በሆነ ታይልስ ላይ ይህ ፊልም እጅግ ያስቸግራል። ጥቁርና ሻካራ ታይልስ ለመረጠ ሰው መጀመሪያ በተረፈ ቁራጭ ላይ እንዲሞክር አጥብቄ እመክራለሁ። ጓንት ያለማወላወል፤ ማጠንከሪያው ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል። ሻወሩ ላይ ውሃ ከመክፈት በፊት አንድ ሳምንት ይታገሱት።

መጠኑን ሻጩ ሳይሆን እናንተ አስሉት። 9 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 30 በ60 ታይልስ በ2 ሚሊ ሜትር መስመር በካሬ ሜትር 0.14 ኪሎ ያህል ይበላል፤ ለ20 ካሬ ሜትር ከብክነቱ ጋር ከ3 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም። 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ሞዛይክ፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ቢኖረው እንኳ፣ በካሬ ሜትር 0.64 ኪሎ ይፈልጋል፣ መስመሩም 40 ሜትር ይደርሳል። ለጽዳት የሚጨነቅ ሰው ሞዛይክን ከሻወር ወለል ቢያርቅ ይሻለዋል።

ቅሬታ የለም አልልም። ግድግዳ ከግድግዳ፣ ግድግዳ ከወለል የሚገናኝበት ጥግ በኢፖክሲ አይሞላም፤ ሕንፃ ስለሚንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። እዚያ ሻጋታ የሚቋቋም ሲሊኮን ነው የሚገባው። ሲሊኮኑ ግን እንደ ኢፖክሲው አይጸናም፣ ሻወሩ ጥግ ላይ ነጠብጣብ ጀምሮታል። በምላጭ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ቦታው በአልኮል ተጠርጎ ሲደርቅ አዲስ ይደረግበታል፤ በአሮጌው ላይ መደረብ ዋጋ የለውም። ነጭ ኢፖክሲ ፀሐይ በቀጥታ ሲመታው ይበጫል፣ ቀላል ግራጫው ላይ ግን ይህ እምብዛም አይታይም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከግድግዳው ኋላ ቧንቧ ቢፈነዳ ነው። ነጭ ሲሚንቶ በመፋቂያ ይወጣል፤ ኢፖክሲ ግን ማሽን ይፈልጋል፣ ታይልሱም አብሮ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ታይልስ ከመለጠፉ በፊት የፒፒአር (የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ) መስመሩ በ10 ባር ግፊት ይፈተሽ፤ የግፊት መለኪያው ቁጥር ሲወርድ ካያችሁ ሠራተኛውን አታሰናብቱ። ከታይልሱ ሥር ውሃ መከላከያ መቀባቱም አይቀርም፣ ኢፖክሲ ያንን አይተካም።

«ዋጋው ከነጭ ሲሚንቶ ብዙ እጥፍ ነው» ለሚለኝ ሻጭ መልሴ አጭር ነው፦ ከውዱ ታይልስ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን ስጠኝና ልዩነቱን በግራውት አስላው። ሌላ መታጠቢያ ቤት ብሠራ የማደርገው ይህንኑ ነው። ታይልስ ሠራተኛውንም ለዚህ ሥራ በካሬ ሜትር ሳይሆን በቀን ሒሳብ እቀጥረዋለሁ፤ በካሬ የተቀጠረ ሰው ፊልሙን ለማጠብ ጊዜ አይኖረውም።