ልጆች ግቢ ሲገቡ ስንቅ የት ይሠራል? ስለ አንዲት የደብረ ብርሃን ባልትና ቤት

ልጃችሁ በቅርቡ ግቢ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ፣ የሚገባ ከሆነና ደብረ ብርሃን ወይም አካባቢዋ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የማወራው ስለ አንዲት ትንሽ ባልትና ቤት ነው። ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ልጆቼ ስንቅ ያሠራሁት እዚያ ነው። በሶውንም፣ ድርቆሹንም፣ ዳቦ ቆሎውንም እንዳየሁት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን የቤታችንን ሁኔታ ላስረዳ። ሦስት ልጆች አሉን። የመጀመሪያው ወንድ ልጄ 12ኛ ክፍልን ሲፈተን ነጥብ አልሞላለትም። ቤት ተቀምጦ አጠናና በ2016 በግል ተፈታኝነት ድጋሚ ተፈተነ። በዚያው ዓመት ታናሽ እህቱም ተፈታኝ ነበረች። ፈተናው እንደምታውቁት ቀልድ አይደለም። ከ2014 ጀምሮ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው ነው የሚፈተኑት። በ2016 ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ሁለቱም ልጆቼ ከእነዚያ ውስጥ ገቡ። ተመስገን ነው! ጎረቤቱ ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ሊለን መጣ፤ ቡናው ሲፈላ አመሸ። እንግዳው ሲሸኝ ነው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊሄዱብኝ እንደሆነ ልብ ያልኩት።

ምደባ ሲወጣ ሴቷ አርባ ምንጭ ደረሳት። ወንዱ ባሌ ሮቤ፣ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ። አንዷ ቆላ፣ አንዱ ደጋ። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ነች። እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ በጥቅምት ውርጭ እጃችንን እያሻሸን። የዩኒቨርሲቲዎቹ ጥሪ ሁለቱንም «ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ» ይላል። ለወንዱ የመንዝ ባና ሰጠሁት። ሮቤ ብርድ ስለሆነ አሁንም ይመርቀኛል። ለሴቷ ስስ አልጋ ልብስ በቃት። ብርድ ልብሱ በዚህ አለቀ። የስንቁ ነገር ነው ያስጨነቀኝ።

ባልትና ቤቷን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ልጇን ከእኔ ቀድማ ግቢ ያስገባች ናት። ቤቷ ሰሌዳ የላትም። ከመናኸሪያው ብዙ አትርቅም፤ ሰፈር ውስጥ ገባ ብሎ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። የበርበሬውና የአብሹ ሽታ ራሱ ይመራችኋል። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሁለት ሴቶች አብረዋቸው ይሠራሉ።

እዚህ ቤት የወደድኩት ነገር ገና በሩ ላይ ነው የጀመረው። «ስንት ኪሎ ልስጥሽ?» አላሉኝም። «የት ደረሳቸው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ካፌ ናቸው ነን ካፌ?» አሉኝ፤ ግቢው ካፌ ይበላሉ ወይስ የምግቡን ገንዘብ ተቀብለው በራሳቸው ይመገባሉ ማለታቸው ነው። ካፌ ነው የሚበሉት አልኳቸው። «ዶርም ውስጥ ምድጃ ያስገባሉ?» ብለው ራሳቸው መለሱት። «አያስገቡም። እንግዲያው ሽሮ አትግዢ። እኔ ብሸጥልሽ ደስ ይለኛል፤ ግን በምን ያበስሉታል? ሳጥን ውስጥ ይነቅዛል።» ቀጠሉና «ለአርባ ምንጯ ጭኮ አትላኪ፤ ቅቤው ሙቀት አይችልም። ለሮቤው ይሁን» አሉኝ። ገንዘቤን ይዤ የመጣሁባቸውን ዕቃዎች ግማሽ ያህል አስቀሩኝ። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቤት አልሄድኩም።

አሁን ወደ በሶው። የዚህ ቤት ዋናው በሶው ነው። ገብስ መቁላት ለማያውቀው ቀላል ይመስላል። እሳቱ ከበረታ ከላይ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እንዲህ ያለ በሶ ሲበጠበጥ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሆድም ይነፋል። አንድ ጠዋት ትዕዛዜን ልወስድ ሄጄ ገና ሲቆሉ ደረስኩና ቁጭ ብዬ አየሁ። ገብሱ ተፈትጎ፣ ገለባው በሰፌድ ተነፍሶ ወጥቷል። ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ በትንሽ በትንሹ እየበተኑ ያምሱታል። አንዴ እንኳ ምጣዱን አይሞሉትም። ፍሬው ፈካ ማለት ሲጀምር እትዬ አንድ ሁለት አንስተው በጥርሳቸው ይሰብሩታል። ቀጭ ካለ ያወጡታል። ልምጥ ካለ እንደገና ይመለሳል። ይህን ለእያንዳንዱ ምጣድ ያደርጉታል፤ አንዱንም በግምት አያልፉትም።

ወፍጮ ቤት የሚልኩት ደግሞ በጠዋት ነው፤ ወፍጮው ሽሮ ሳይፈጭበት። «በሶ ሽታ ይስባል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከዚህ በፊት ከሌላ ቦታ የገዛሁት በሶ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይል ነበር፤ በስኳር በጥብጠህ ጠጣ ቢባል ማን ይጠጣዋል? የእሳቸውን በሶ ቤቴ አምጥቼ በብርጭቆ ውሃ በጠበጥኩት። ለብቻው አስቀመጥኩትና ብርጭቆውን ዘንበል አድርጌ ታቹን አየሁ። አሸዋ የለም፣ ገለባ የለም። በሶ የምትገዙ ሁሉ ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ኪሎ አታስመዝኑ።

ለምን ስለ በሶ ይህን ያህል እንዳወራሁ ልንገራችሁ። የዩኒቨርሲቲ ካፌ ምግብ የታወቀ ነው። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው 22 ብር ነበር። በ2017 ነው ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። ጭማሪው ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ገበያውን ታውቁታላችሁ። ልጅ ካፌ በልቶ አምሽቶ ሲያጠና ይርበዋል። ከላይብረሪ ሲመለስ ካፌው ተዘግቷል። ያኔ በሶ ምድጃ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም። ውሃና ስኳር ካለ በቃ። ትንሽ ዘይት፣ ጨውና በርበሬ ካለ ደግሞ ጭብጦ ይሆናል። የጾም ነው፤ ልጆቼ ግቢ በገቡ ብዙም ሳይቆይ የነቢያት ጾም ስለገባ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

ወንዱ ልጄ ደውሎ «እማዬ፣ በሶው ዶርም ውስጥ አለቀ» ሲለኝ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ለካ የዶርም ልጆች አብረው ነው የሚበሉት። የጉራጌው ልጅ ቆጮ ያመጣል፣ የጅማው ልጅ ቡና ያመጣል፣ የእኔው የሸዋ በሶ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ትዕዛዙን ጨመርኩ። ልጄ ማዕድ ላይ ብቻውን ከሚቀመጥ እኔ አንድ ነገር ልቀንስ ብዬ ነው። አባቱም ተስማማ።

ድርቆሹ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተራው፣ የደረቀ እንጀራ ነው። እሱን ምድጃ ለሌለው ተማሪ አትግዙ። ሌላው ከመድረቁ በፊት በቁሌት የታሸው ነው። ይህኛው ሞቅ ያለ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ለስልሶ ፍርፍር ይሆናል። ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ በርበሬው ግን ለእኔ በዛ ይላል። ሴቷ ልጄ ወዳዋለች፣ ወንዱ «ያቃጥላል» ብሎ ለጓደኞቹ ነው የሚሰጠው። ስታዝዙ «በርበሬው ለዘብ ይበል» በሉ፤ ይሰሟችኋል።

አሁን ያልወደድኩትን ልናገር። ዳቦ ቆሎው አንድ ጊዜ ጥሩ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አይደለም። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጄ አርባ ምንጭ ሆና ስትከፍተው የቆየ ዘይት ይሸት ነበር። ለሮቤው የላክሁት ምንም አልሆነም፤ ከአንድ ምጣድ የወጣ ነው፤ ሙቀቱ ነው ያወጣው። ለእትዬ ስነግራቸው አልተከራከሩኝም። «ሠራተኛዋ በተጠበሰበት ዘይት ደግማበት ነው» ብለው በሌላ ዳቦ ቆሎ ተኩልኝ፤ ገንዘብ አልተቀበሉኝም። መተካታቸውን አደንቃለሁ። ግን ቆላ ለሚሄድ ዳቦ ቆሎ ዛሬም አላዝዝም፤ ቆሎ ነው የማዘው። የሰነፍ ገብስ ቆሏቸው ጥሩ ነው፤ ሱፍ ሲገባበት ደግሞ ልጆቹ ይሻሙበታል።

ትልቁ ጉድለታቸው አስተሻሸጋቸው ነው። ሁሉንም በስስ ፌስታል ቋጥረው ነው የሚሰጡት። እዚያው ሰፈር ለሚበላ ይሁን። የእኛ ካርቶን ግን ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ላምበረት 130 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ እዚያ የባለቤቴ ወንድም ይቀበለዋል፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ ወደ ደቡብ ይጫናል። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መናኸሪያ ያድራል። አንዱ ፌስታል መንገድ ላይ ተቀደደና ሚጥሚጣው የልጄን አዲስ አንሶላ ላይ ተበተነ። ይህን ያህል ተጠንቅቆ የተቆላ በሶ፣ ይህን ያህል የተለፋበት ሥራ፣ በአንድ ፌስታል ምክንያት መበላሸቱ ያሳዝናል። ነገርኳቸው፤ አሁን ፌስታሉን ደርበው ይቋጥራሉ። እኔ ግን አልተማመንበትም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ፤ እዚያው ይሞሉልኛል።

ዋጋቸው ከገበያው ትንሽ ከፍ ይላል። በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥሩን ብጽፈው አይጠቅማችሁም። እኔ ሲመዝኑ ቆሜ ስላየሁ አይቆጨኝም። ሚዛናቸው ትክክል ነው፤ ከሞላ በኋላ እፍኝ ይጨምሩበታል።

ቤታችን በዚህ ዓመት ብዙ ተለውጧል። ሊጥ ሳቦካ እጄ አሁንም ለአምስት ሰው ይሰፍራል። ትንሹ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ነው። መጀመሪያ የወንድሙን አልጋ ወረሰና ደስ አለው። ኋላ ግን ማታ ማታ መጥቶ ከእኛ ጋር መቀመጥ ጀመረ። የሚያወራው ሰው አጣ። አባቱ ደግሞ ድሮ ገበያ የማይወጣ ሰው ነበር፤ አሁን ካርቶኑን የሚያስረው እሱ ነው። ገመዱን ሦስቴ ያዞረዋል፣ ስማቸውን በትልቁ በማርከር ይጽፋል። ሥራ ውሎ ደክሞት እንኳን ቢሆን መናኸሪያ ሄዶ ለሾፌሩ አደራ ሳይል አይመለስም። አንዳንድ ቀን እትዬ ጋ አብረን እንሄዳለን። እዚያ ሌሎች ወላጆች እናገኛለን። አንዷ ልጇ ዲላ ነው፣ አንዱ ወሎ። የማን ልጅ ስልክ እንዳነሳ፣ የማን ልጅ እንደታመመ እዚያ ነው የምንሰማው። ከቡና አጣጬ ያልተናነሰ ወዳጅ እዚያ አፍርቻለሁ።

በ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ልጆቹ ትምህርት ላይ ስለነበሩ አልመጡም። ያለ እነሱ ያሳለፍነው የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ከበዓሉ በፊት ለሁለቱም ድርቆሽ ላሠራ ሄድኩ። እትዬ ሲቋጥሩ አየሁ፤ ቋንጣ ጨምረውበታል። እኔ አላዘዝኩም። «ስንት ነው?» ስላቸው «የእኔ ፋሲካ ነው፤ እነሱም ልጆቼ ናቸው» አሉኝ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ አንገታቸውን አቅፌ ሳምኳቸው። ሰው ስለ ዕቃ ጥራት ብዙ ይጽፋል። እኔ ልጄ ሩቅ አገር ሆኖ ቋንጣ ፍርፍር በልቶ የፈሰከው በዚህች ሴት ደግነት ስለሆነ ይህንንም ጻፊልኝ ቢሉኝ ባይሉኝ እጽፈዋለሁ።

ክረምቱን ልጆቹ ቤት ናቸው። ወንዱ ልብሱን ራሱ ያጥባል። ሴቷ በሶዋን ራሷ በጥብጣ ለታናሽ ወንድሟ ትሰጠዋለች፤ ድሮ ውሃ ቅጂ ስትባል የምታጉረመርም ልጅ ነበረች። እኔም ገና ሳይሄዱ የመስከረሙን ትዕዛዝ ሰጥቻለሁ።

እናንተም የምታዝዙ ከሆነ አትዘግዩ። የጥሪ ማስታወቂያ ሲወጣ ሁሉም በአንዴ ስለሚመጣ እትዬ አይደርሱም፤ ከአቅማቸው በላይ ደግሞ አይቀበሉም። ለበሶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ስጧቸው። ገብስ ከገጠር የሚመጣላችሁ ከሆነ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የበልግ ገብስ በክረምት ይደርሳል፣ የመቁያውንና የማስፈጫውን ብቻ ያስከፍሏችኋል። ልጃችሁ የት እንደደረሰው ሳታውቁ አትሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ክዳን ያለው ዕቃም አትርሱ።