ለኤክስሬይ ፖላራይዜሽን መለኪያ ቱቦ ማሠራት፦ ስለ አንድ የደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት

በዚህ ቶርኖ ቤት የአልሙኒየም ቱቦው የተሠራለት የፀሐይ ፍንዳታ ኤክስሬይን ፖላራይዜሽን (የጨረሩ ሞገድ ወደ አንድ አቅጣጫ አድልቶ መወዛወዙን) የሚለካ መሣሪያ የቤተ ሙከራ ሞዴል ነው። (የፀሐይ ኤክስሬይ ከባቢ አየሩን አያልፍም፤ የደብረ ብርሃን ከፍታም አይበቃውም። ስለዚህ መፈተኛው 59.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ጨረር የሚያወጣ ራዲዮአክቲቭ አሜሪሲየም ነው።) መሃል ላይ የፕላስቲክ ሲንቲሌተር (ጨረር ሲመታው ብልጭ የሚል) ዘንግ ይቆማል፤ የተበተነውን ጨረር የሚቆጥሩ የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ይከቡታል። ፖላራይዝድ ጨረር ዘንጉን መትቶ ሲበተን የክሪስታሎቹ ቆጠራ በአንድ ዙር ሁለቴ ከፍ፣ ሁለቴ ዝቅ ይላል።

የቶርኖ ሥራው ያስመሰግናል። የዘንጉ መቀመጫና የክሪስታሎቹ ቀለበት አልሙኒየሙ ከመያዣው ሳይፈታ በአንድ እስር ስለሚወጡ መሃል ለመሃል ይገጥማሉ። ትንሽ ቢዛነፉ እንኳ ስህተቱ በዙር አንዴ ብቻ ስለሚታይ በስሌት ይወጣል።

ጣጣው ያለው ትራፓኖው ላይ ነው። የሽቦ ቀዳዳ ለመብሳት ስሱን ቱቦ ሞርሳ ላይ ያጠብቁታል፤ ሁለቱ ከንፈሮች ሲጨምቁት ሞላላ ሆኖ ይቀራል። ሞላላ ቱቦ ደግሞ ቆጠራውን በዙር ሁለቴ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፖላራይዜሽን ሳይኖር ያለ ያስመስላል። የቶርኖው ባለ 3 ጥርስ መያዣ ቢያጎብጠው የሚመጣው ሦስቴ ስለሆነ ያን ያህል አያሳስብም። ቀዳዳው ውስጡ ከመቦርቦሩ በፊት ይበሳ ብሎ ማዘዝ ነው፤ ካልሆነም በውስጥ ልኩ የተቆረጠ እንጨት ይወተፍበት። ሲረከቡ የውስጡን ስፋት በ0፣ 45፣ 90 እና 135 ዲግሪ በካሊፐር ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ካለፈ ይመልሱት። በኋላም መሣሪያውን በራሱ መሃል ዙሪያ እያዞሩ ይቁጠሩ፤ ከፍ ዝቅታው ከቱቦው ጋር አብሮ ከዞረ ጥፋቱ የቱቦው ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የመጠቀችውና የፀሐይ ፍንዳታን ታጠና የነበረችው ሬሲ (RHESSI) ሳተላይት ትሽከረከር የነበረው ለምስል ቢሆንም ለዚህም ጠቅሟታል።

ክዳኑ ደካማ ነው። ጠርዙ ልሙጥ ስለሆነ ብርሃን ያስገባል፤ ፕላስቲኩ ላይ የሚቀረው ጉልበት 5 ወይም 6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ በመሆኑ ትንሽ ብርሃን ምልክቱን ይውጠዋል። ደረጃ ያለው ጠርዝና የጎማ ቀለበት ማስገቢያ ይዘዙ፤ ውስጡን የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀቡ። ባትሪ እያበሩና እያጠፉ ቢቆጥሩ ይታወቃል።

የሌሊቱ ብርድ ብልጭታውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠውን የሲሊከን ፎቶመልቲፕላየር ማጉላት ስለሚቀይር የሙቀት መለኪያ ቀዳዳም አብሮ ይበሳ። ቤቱ የእርሳስ ብረት ሥራ አይሠራም። ልኩን ከነሚፈቀደው ልዩነት በወረቀት ይስጡ፤ በቃል ከሆነ በዓይን ገምተው ነው የሚያወጡት።