አደዩን ሳያደናቅፍ ላወዛወዘልን ልጅ

የውዝዋዜ ቡድናችን የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ዝግጅት ላይ የነበራችሁ፣ ከተወዛዋዦቹ ጀርባ በትልቁ ስክሪን ላይ ነፋስ የሚያወዛውዘውን የአደይ አበባ መስክ ታስታውሳላችሁ። «ማን ሠራላችሁ?» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። የቀረጽነው እኛው ነን፤ ያውም በስልክ። መድረክ ላይ እንዲያ እንዲያምር ያደረገው ግን አንድ ወጣት ባለሙያ ነው፤ ምስጋናዬም ለእሱ ነው።

ዓምና የስክሪኑን ቪዲዮ ለሌላ ሰው ሰጥተን እስክስታው መሃል ላይ ምስሉ አንዴ ቀጥ እያለ፣ አንዴ እየዘለለ አሳፍሮናል። «ኮምፒውተሩ ደካማ ነው» ተባልን፤ እኔም አምኜ ዝም አልኩ።

የዘንድሮው ልጅ ቪዲዮውን ሳያይ በፊት «ስክሪኑ ስንት ፓነል ነው?» አለኝ። ምን አውቄ! አዳራሹ ድረስ ሄዶ ራሱ ቆጠረ። ወደ ጎን 12፣ ወደ ላይ 6፤ እያንዳንዱ ፓነል ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ሆኖ 128 በ128 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ይይዛል። ስለዚህ ቪዲዮው 1536 በ768 ይሁን አለ። እኔ ፎርኬ (እጅግ ብዙ ፒክስል ያለው ቪዲዮ) ካልሆነ ብዬ ስከራከር «ጋሼ፣ ስክሪኑ የሌለውን ፒክስል ከየት ያመጣል?» አለኝ።

የዓምናው ጉዳችን ምክንያትም ያን ጊዜ ገባኝ። የስልካችን ቪዲዮ ኤች 264 በሚባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የተቀመጠ ነበር። ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ምስል ሙሉውን ያስቀምጥና በቀጣዮቹ ላይ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ቁጭ ብሎ ለሚያየው ችግር የለውም። የመብራት ባለሙያው ከመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ሆኖ ሚዲያ ሰርቨሩን (ቪዲዮውን ለስክሪኑ የሚያጫውተውን ኮምፒውተር) «ወደ መሃል ዝለል፣ ተመለስ፣ ሌላም ደርብበት» ሲለው ግን ማሽኑ የቀደሙትን ምስሎች ፍለጋ ይንገዳገዳል። ልጁ ሁሉንም ሃፕ ወደሚባል ሌላ የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ ቀየረው። በሃፕ እያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ራሱን የቻለ ነው፤ አብዛኛውን ሸክምም የግራፊክስ ካርዱ ይወስዳል። ፋይሉ ግን ይገዝፋል፤ በእኛ ልክ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን፣ ለአንድ ሰከንድ እስከ 15 ሜጋባይት ይደርሳል። ፈጣን ዲስክ ያስገዛን ለዚህ ነው። የንጋቱ ሰማይ ላይ ቀለሙ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ሲያስቸግረው ያቺን አንዷን ቪዲዮ ብቻ የተሻለ ጥራት ባለው የሃፕ ዓይነት፣ በሃፕ ኪው፣ ደገማት። ክብደቷ እጥፍ ሆነ፤ ሰማዩ ግን ለሰለሰ።

የልምምዱ ማታ መጀመሪያ የከፈተው አበባ ሳይሆን፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ሳጥኖችና አንድ ትልቅ ክብ ያለበት የመፈተሻ ሥዕል ነበር። ክቡ በአንድ በኩል ተቆርጦ ታየ፤ ለካ ሁለት ፓነሎች ቦታ ተለዋውጠዋል። ከዚያ የሌሊቱ ትዕይንት ሲመጣ ጥቁሩ አመድ መሰለ። በቪዲዮው የብርሃን መለኪያ የጥቁሩ መነሻ ከ0 መሆን ሲገባው በ16 ወጥቶ ኖሮ፣ እዚያው ላፕቶፑ ላይ አስተካክሎ አወጣው። የአበባው ቪዲዮ 20 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ጫፍና ጫፉን ስላዋሃደው ግን ሙሉ ዘፈኑን ሲደጋገም መገጣጠሚያውን እኔ ራሴ ፈልጌ አላገኘሁትም።

እንከኑንም ልናገር፤ ስልክ ቶሎ አያነሳም። ደግሞም ዝግጅቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ያልደረሰውን ቪዲዮ አይቀበልም። በዚህ ተኮራርፈን ነበር። ዋጋውን ግን ሥራው ሳይጀመር ነገረኝ፤ በመጨረሻም አንድ ብር አልጨመረም።

ቁጥሩን እንድሰጥ ፈቅዶልኛል፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።