አራት የዘመናችን ተውኔቶች፦ የትኛው ለንባብ፣ የትኛው ለመድረክ ይገዛ?

የተውኔት መጽሐፍ የሚገዙ ሰዎች ዓላማቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ለብቻው ሊያነበው፣ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር ድርሻ ተከፋፍሎ ጮክ ብሎ ሊያነበው፣ ሦስተኛው ደግሞ ተዋንያን ሰብስቦ ለመድረክ ሊያበቃው ይገዛዋል፤ ለአንዱ ግሩም የሆነው ድርሰት ለሌላው የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አራት ተውኔቶች በሕይወት ያሉ ጸሐፍት ሥራዎች ሲሆኑ፣ አራቱም በእንግሊዝኛ ታትመው ይሸጣሉ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሳናዝ ቱሲ «ኢንግሊሽ» በ2022 ኒው ዮርክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ታይቶ በ2023 ፑሊትዘር የተባለውን የአሜሪካ የተውኔት ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚካሄደው በ2008 ኢራን ውስጥ፣ ካራጅ በተባለችው ከተማ በሚገኝ የቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) መሰናዶ ክፍል ሲሆን፣ ገጸ ባሕርያቱ አንዲት መምህርና አራት ተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። አንዷ ተማሪ አውስትራሊያ ሄዳ ሕክምና ለመማር የፈተናው ውጤት ያስፈልጋታል፤ ወይዘሮ ሮያ ደግሞ ካናዳ የሚኖረው ልጃቸው ዘንድ ሄደው ከልጅ ልጃቸው ጋር ለመነጋገር በስተርጅና ደብተር ይዘው ተቀምጠዋል። ውጭ አገር ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ወይዘሮ ሮያን ለማወቅ ማብራሪያ አያሻቸውም።

የተውኔቱ ትልቁ ብልሃት ያለው በአነጋገሩ ላይ ነው። ገጸ ባሕርያቱ እርስ በርሳቸው በፋርስኛ ሲነጋገሩ ተመልካቹ የሚሰማው ያልተደነቃቀፈ እንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ ሲናገሩ ግን ቃላቸው ይሰባበራል፣ ቅላጼያቸውም ይለወጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ነገር አዋቂና ተረበኛ የሆነች ሴት በሁለተኛው ቋንቋ ስትኮላተፍ በአንድ ትንፋሽ እንሰማለን። ለብቻው በዝምታ የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት የሚያገኘው በጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ግማሹ ያመልጠዋል። ወደ አማርኛ ለመመለስ ለሚያስብ ሰውም ፈተናው ከባድ ነው፤ ፋርስኛው አማርኛ ሆኖ እንግሊዝኛው እንዳለ ቢቀር፣ ሁለቱንም ቋንቋዎች በአንድ ቋንቋ የማሰማቱ ዘዴ ይፈርሳል፤ እንግሊዝኛው የተሰባበረ አማርኛ ቢደረግ ደግሞ ተመልካቹ አማርኛ የሚሞክር ፈረንጅ የሰማ መስሎት ባልታሰበበት ቦታ ይስቃል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ጮክ ብሎ ለሚያነብ ቡድን ከአራቱ ቀዳሚ ምርጫዬ ይህ ሲሆን፣ ለትርጉም ግን የማቀርበው መጨረሻ ላይ ነው።

ለትርጉም የሚመቸውስ? ያለማመንታት የፈረንሳዊው የፍሎሪያን ዜሌር «አባት» እላለሁ። በ2012 ፓሪስ ላይ የታየው ይህ ተውኔት በክሪስቶፈር ሃምፕተን ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ «ዘ ፋዘር» በሚል ርእስ ይሸጣል። አንድሬ የተባሉ አዛውንት የማስታወስ ችሎታቸው እየከዳቸው ሲሄድ ነገሩን የምናየው ከውጭ ሆነን ሳይሆን በእርሳቸው ዓይን ነው፤ ልጃቸው አንድ ጊዜ በአንዲት ተዋናይ፣ ሌላ ጊዜ በሌላ ሴት መልክ ትመጣለች፣ የቤቱ ዕቃም ከትዕይንት ወደ ትዕይንት እየጎደለ ይሄዳል። በ2020 የወጣውን፣ አንቶኒ ሆፕኪንስ ኦስካር የተሸለመበትን ፊልም ያየ ሰው መጽሐፉ የሚደግምበት ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም ባዶ እየሆነ የሚሄድ መድረክ የሚሰጠው ስሜት ከፊልሙ የተለየ ስለሆነ ይህን ምክንያት አድርጎ መተው አይገባም።

አማርኛ ለዚህ ተውኔት እንግሊዝኛ የማይችለውን ያደርግለታል። እንግሊዝኛ ለልጅም ለእንግዳም አንድ ተውላጠ ስም ብቻ ሲኖረው፣ በአማርኛ ግን አባትየው የምትገባዋን ሴት «አንቺ» ካሏት ልጃቸው መሆኗን ተቀብለዋል፣ «እርስዎ» ካሏት ደግሞ አላወቋትም ማለት ነው። በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ቢሸጋገሩ ሕመሙ ያለ ማብራሪያ ይታያል። ተዋንያኑ ስድስት፣ ቦታው አንድ ቤት፣ ርዝመቱም ያለ ዕረፍት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል መሆኑ ገንዘብም ሰውም ላነሰው ቡድን ይስማማል። አስቸጋሪው ነገር አባትየውን የሚሸከም አንጋፋ ተዋናይ ማግኘት ነው፤ እርሱ ከሌለ መጽሐፉን ለንባብ ብቻ መግዛት ይሻላል።

የሊን ኖቲጅ «ስዌት»፣ ማለትም «ላብ»፣ የ2017 የፑሊትዘር ተሸላሚ ሲሆን፣ ጸሐፊዋ በዚህ ሽልማቱን ሁለት ጊዜ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ጸሐፌ ተውኔት ሆናለች። ፔንስልቬንያ ግዛት ውስጥ ባለችው በሬዲንግ ከተማ፣ የፋብሪካ ሠራተኞች በሚያዘወትሩት መጠጥ ቤት፣ በ2000 እና በ2008 መካከል እየተመላለሰ ይተረካል። ሁለት የልብ ጓደኛሞች፣ አንዷ ጥቁር ሌላዋ ነጭ፣ ለአንድ የኃላፊነት ቦታ ይወዳደራሉ፤ ጥቁሯ ታሸንፋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ሠራተኛውን በር ሲዘጋበት ወዳጅነቱ በዘርና በእንጀራ መካከል ይሰነጠቃል። ከአራቱ ውስጥ ለዝምታ ንባብ በጣም የሚመቸው ይህ ነው፤ ታሪኩ እንደ ልብ ወለድ ይስባል፣ በየትዕይንቱ መግቢያ የሰፈረው የዕለቱ ዜናም ዘመኑን ያስታውሳል። ለመድረክ ግን ዘጠኝ ተዋንያንና በትክክል የተጠና የጠብ ትዕይንት ይጠይቃል፤ የጥቁርና የነጭ ጉዳይም የነገሩ አጥንት ስለሆነ የተዋናይ ምርጫውን ያጠብበዋል።

የአኒ ቤከርን «ዘ ፍሊክ» ለጀማሪ አልመክርም። የ2014 የፑሊትዘር ተሸላሚ ነው፤ ማሳቹሴትስ ውስጥ በአንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ሦስት ሠራተኞች ወለል እየጠረጉ ያወራሉ፣ ይልቁንም አብዝተው ዝም ይላሉ። መድረክ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው በዝምታው ምክንያት ነው፤ በ2013 ሲታይም አቋርጠው የወጡ ተመልካቾች ነበሩ። ዝምታን ማዘጋጀት ለሚወድ ዳይሬክተር ግን የማይገኝ ትምህርት ቤት ነው።

በግዢው ጊዜ የእትሙን ዓይነት ማየት ይገባል። ለተዋንያን የሚዘጋጀው ቀጭን እትም አብዛኛውን ጊዜ ርካሽ ሲሆን፣ የመድረክ ቁሳቁስ ዝርዝርም ሊኖረው ይችላል፤ ለመጻሕፍት መደብር የሚታተመው ደግሞ ለመደርደሪያ ያምራል። የትኛውም ቢገዛ በሕዝብ ፊት የማሳየትም ሆነ የመተርጎም መብት አብሮ አይመጣም። ፈቃድ የሚሰጠው ወኪል ስም በመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጾች ላይ ይገኛል፤ የትርጉም ፈቃድ ከማሳያው ፈቃድ የተለየ ስለሆነም ሁለቱን በአንድ ደብዳቤ ለይቶ መጠየቅ፣ መልሱ እስኪመጣም ልምምድ አለመጀመር ያስፈልጋል።