በ2017 ዓ.ም. ካየናቸው ፊልሞች ይበልጥ ቅር ያሰኙን

እኔና ሦስት ጓደኞቼ ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ማታ እየተሰበሰብን ፊልም ማየት ከጀመርን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። አቶቴ አካባቢ ባለው የአንዳችን ቤት ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን በትንሽ ፕሮጀክተር እናያለን፤ መብራት ከጠፋ ወደ ላፕቶፕ እንዞራለን። አዲስ የውጭ ፊልም እኛ ዘንድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ወራት ቆይቶ በመሆኑ ወሬው ከፊልሙ ይቀድማል። በሰው ወሬ ላለመመራት ስንል አንድ ደብተር ይዘናል፤ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዳችን ምን እንደምንጠብቅ፣ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንዳገኘን እንጽፍበታለን። ጳጉሜን ላይ ይህን ደብተር ሳገላብጥ፣ በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ያለው ርቀት የሰፋባቸውን ፊልሞች ለይቼ አወጣሁ። የሚከተለው ግምገማ የተነሣው ከዚያ ነው።

በዚህ መለኪያ ከሄድን የዓመቱ እጅግ ደካማ ፊልም ከዝርዝሩ ይወጣል። በሐምሌ ወር የተለቀቀው «ዎር ኦቭ ዘ ወርልድስ» የኤች. ጂ. ዌልስን የ1898 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ መነሻ ያደረገ ቢሆንም፣ አይስ ኪዩብ ፊልሙን በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ነው የሚጨርሰው። የተቀረጸው በኮሮና ጊዜ ስለነበር ተዋንያኑ የማይገናኙበት ምክንያት ይገባኛል። ሆኖም ዓለምን የሚያድነው ፍላሽ በአማዞን ድሮን ታዝዞ ሲመጣ፣ ፊልሙን የሚያሳየውም ራሱ አማዞን መሆኑን ስናስታውስ፣ ፊልም በፍላሽ የምንቀባበል እኛ ከማንም ይበልጥ ሳቅን። ደብተሩ ላይ ግን ማናችንም ምንም ነገር አልጠበቅንበትም ነበር፤ ስለዚህ ቅር አላሰኘንም።

«ስኖው ዋይት» ላይም ብዙ አልቆይም። ያየሁት ከጓደኞቼ ጋር ሳይሆን ከእህቴ ልጅ ጋር ሲሆን፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሬቸል ዜግለር ጥሩ ትዘፍናለች፤ ጋል ጋዶት ግን ክፉዋን ንግሥት ስትጫወት ቃላቱን ከወረቀት ላይ የምታነብ ትመስላለች። ሰባቱ ድንኮች በኮምፒውተር የተሠሩ፣ ሌሎቹ ደግሞ ሥጋና ደም ያላቸው ተዋንያን በመሆናቸው ሁለቱ ወገኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ቆመው እንኳ አብረው ያሉ አይመስሉም። ልጅቷ ሃያ ደቂቃ ያህል ዝም ብላ ካየች በኋላ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ናቸው ወይስ ካርቱን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። በ1937 እ.ኤ.አ. የወጣውን በእጅ የተሣለ ካርቱን ሳሳያት እንዲህ ያለ ጥያቄ አላነሣችም።

«ዘ ኤሌክትሪክ ስቴት» የራሴ ቁስል ነው። ፊልሙ የተወሰደው ስዊድናዊው ሠዓሊ ሲሞን ስቶለንሃግ በሥዕልና በጽሑፍ ካዘጋጀው መጽሐፍ ሲሆን፣ የመጽሐፉን ሥዕሎች በስልኬ ላይ ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። በጭጋግ ውስጥ የወደቁ ግዙፍ ማሽኖች፣ በባዶ መንገድ ላይ የምትጓዝ አንዲት ልጅና አንድ ቢጫ ሮቦት፤ ሥዕሎቹ የሚናገሩት ዝም በማለታቸው ነው። ሩሶ ወንድማማቾች ደግሞ «አቬንጀርስ፡ ኤንድጌም»ን የሠሩ፣ ሰፊ ታሪክ ማስተዳደር የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ኔትፍሊክስ ለዚህ ሥራ 320 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳወጣ ተዘግቧል። እኔም ደብተሩ ላይ «ጸጥታውን ማየት እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።

ያገኘሁት ግን ዝም የማይል ፊልም ነው። ሮቦቶቹ ይቀልዳሉ፣ ክሪስ ፕራት ይቀልዳል፣ ቀልድ ባለቀበት ዘፈን ይገባል። ሮቦቶቹን የሠሩት ባለሙያዎች እጃቸው የተባረከ ነው፤ ዝገቱና ጭረቱ ሳይቀር የሚዳሰስ ይመስላል። ንግግሩ ግን ሌላ ነገር አስታወሰኝ። በትርጉም ፊልም ተራኪው «አሁን ወደ በሩ እየሄደ ነው፣ ሊገድለው ነው» እያለ የሚነግረን ቋንቋው እንዳያግደን ነው፤ ሥራውም ስለሆነ እናመሰግነዋለን። እዚህ ግን ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው የሚያደርጉትን፣ የተሰማቸውንና ቀጥሎ የሚሄዱበትን በየደቂቃው ያውጃሉ፤ ተመልካቹ ስልኩን እየነካካ በጆሮው ብቻ እንዲከታተል ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። ሚሊ ቦቢ ብራውን ወንድሟን የምትፈልግ ልጅ ሆና ስትጫወት ለአንድ ጊዜ እንኳ ብቻዋን ዝም ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ግማሹን ይቅር እለው ነበር።

አራታችንንም አንድ ያደረገን ቅሬታ «ጆከር፡ ፎሊ አ ዱ» ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው ክፍል በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት የወርቅ አንበሳን አሸንፏል፣ ጆከር የሚሆነውን አርተርን ለተጫወተው ለዋኪን ፊኒክስ ኦስካር አስገኝቷል፣ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይም ሰብስቧል። ሁለተኛው ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በሲኒማ ቤቶች የሰበሰበው ከዚያ እምብዛም አይበልጥም፤ ከገቢው ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ስለሚወስዱ ይህ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ፊልም የሚባለውን ሁሉ ግን አልቀበልም። «ዘፈን ስለገባበት ተበላሸ» የሚሉ አሉ፤ በህንድ ፊልም ላደገ ተመልካች በታሪክ መካከል የሚገባ ዘፈን ነውር አይደለም። ልዩነቱ የህንዱ ዘፈን ሲያልቅ አንድ ነገር ተለውጦ መገኘቱ ነው፤ ወይ ተዋድደዋል፣ ወይ ተለያይተዋል፣ ወይ ሕፃኑ አድጓል። እዚህ ግን አርተር ዘፍኖ ሲጨርስ ከመዝፈኑ በፊት የነበረበት ቦታ ላይ ነው። አርተር የሚዳኝበት ፍርድ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ምስክሮች እየቀረቡ የመጀመሪያውን ፊልም ይተርኩልናል፤ እኛ ደግሞ አይተነዋል። ዳይሬክተሩ ቶድ ፊሊፕስ ሊጠይቀን የፈለገው ጥያቄ ከባድና የሚደነቅ ነበር፤ «ያጨበጨባችሁት ለማን ነው፣ ለታመመው ሰው ወይስ ለጭምብሉ?» የሚል። ሌዲ ጋጋ የምትጫወታት ሊ የጥያቄው አካል ናት፤ የምትወደው ጆከርን እንጂ አርተርን አይደለም፣ ስለ ራሷም ትዋሻለች። ታሪኩን በእሷ ዓይን ቢያሳየን ኖሮ ጥያቄው ሥጋ ይለብስ ነበር፤ እሷ ግን መጥታ ትዘፍንና ትሄዳለች። የአርተር የቀድሞ የሥራ ባልደረባ ጌሪ ለምስክርነት ቀርቦ ምን ያህል እንደሚፈራው የሚናገርባት ትዕይንት ብቻ የመጀመሪያውን ፊልም ትመጥናለች። በዚያች ቅጽበት ክፍላችን ውስጥ ሻይ የሚጠጣ ሰው እንኳ አልነበረም።

የመጨረሻው «ሜጋሎፖሊስ» ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እኛ መስቀልን ባከበርንበት በመስከረም 17 ቀን ነበር። ፍራንሲስ ፎርድ ኮፖላ በ85 ዓመቱ፣ ከወይን ጠጅ ንብረቱ ከፊሉን ሸጦ 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል ከኪሱ አውጥቶ የሠራው፣ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሲያሰላስለው የኖረ ሥራ ነው። በመላው ዓለም የሰበሰበው ወደ 14 ሚሊዮን ብቻ ነው። ታሪኩ አሮጌውን ከተማ አፍርሶ አዲስ ሊገነባ የሚፈልግ አርክቴክትንና የሚቃወመውን ከንቲባ ያፋጥጣል። በየመንገዱ ቁፋሮና ግንባታ በሚታይበት ከተማ ለሚኖር ሰው ከዚህ የቀረበ ርዕስ ከየት ይመጣል? ክርክሩን ስጠብቅ የመጣልኝ ጥቅስ ነው፤ ሁሉም ሰው በምሳሌና በላቲን ይናገራል። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ብለው ይጠፋሉ።

ያም ሆኖ ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ ልጥለው አልቻልኩም። አዳም ድራይቨር ከፎቁ ጫፍ ላይ ቆሞ ጊዜን ሲያስቆም፣ ማንም ያላዘዘው ሰው በገዛ ገንዘቡ የሠራው ነገር መሆኑ ይታያል፤ ስሕተቱ እንኳ የራሱ ነው። ፊልሙ 138 ደቂቃ ሲሆን በስልክ ለማየት አይመችም። ድጋሚ እንየው ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር፤ ሦስት ለአንድ ተሸነፍኩ።